ስሙን ጻፉና ፈልጉት፦ የኮመንዌልዝ የጦር መቃብሮች ኮሚሽን የፍለጋ አገልግሎት

በጦርነት የሞተ የአንድ ወጣት ወታደር ስም በእጃችሁ ካለ፣ የተቀበረበትን አገር፣ መካነ መቃብሩን፣ ረድፉንና የመቃብሩን ቁጥር ሳይቀር በነፃ የሚነግራችሁ አገልግሎት አለ። የኮመንዌልዝ የጦር መቃብሮች ኮሚሽን ድረ ገጽ ላይ ነው ያለው። ክፍያ የለውም። ስም ትጽፋላችሁ፣ ትፈልጋላችሁ፣ በቃ።

ሰሞኑን ብዙ ጊዜ አሳልፌበታለሁ። ወድጄዋለሁ። በጣም ያሳዘነኝ ነገርም አለው፤ ሁለቱንም እጽፋለሁ።

መጀመሪያ ማንን እንደሚይዝ እንወቅ። በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች በብሪታኒያና በያኔው ግዛቶቿ ጦር ውስጥ ሆነው የሞቱ 1.7 ሚሊዮን ሰዎች የሚዘከሩበት ተቋም ነው። ከ150 በሚበልጡ አገሮች፣ 23,000 ያህል ቦታዎች ላይ። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የጊዜ ወሰኑ ጥብቅ ነው፤ ለመጀመሪያው ጦርነት ከኦገስት 4 ቀን 1914 እስከ ኦገስት 31 ቀን 1921፣ ለሁለተኛው ከሴፕቴምበር 3 ቀን 1939 እስከ ዲሴምበር 31 ቀን 1947። ከዚያ ውጭ የሞተ አይገባም። የሌላ አገር ወታደርም የእነሱ ኃላፊነት ስላልሆነ አርበኞቻችንን እዚህ አትፈልጓቸው። ግን በ1941 በምሥራቅ አፍሪካ ዘመቻ የወደቁ የኮመንዌልዝ ወታደሮች ያረፉባቸው መካነ መቃብሮች ከረንም አዲስ አበባም ስላሉ፣ መዝገቡ እኛ አካባቢም ይደርሳል።

አጠቃቀሙ ቀላል ነው። የአባት ስምና የመጠሪያ ስም፣ ወይም የስሙን የመጀመሪያ ፊደል ታስገባላችሁ። ብዙ ሰው ከወጣ በጦር ክፍል፣ በሞተበት ቀን፣ በአገር፣ በመካነ መቃብር ታጠባላችሁ። ከዚያ የአንድ ሰው ገጽ ይከፈታል። ማዕረግ፣ የወታደር ቁጥር፣ ክፍለ ጦር፣ የሞተበት ቀን፣ ዕድሜ፣ የመቃብሩ ቦታ። አንዳንዱ ላይ ከሥር ተጨማሪ መረጃ የሚል መስመር አለ፤ እዚያ ውስጥ የእናትና የአባት ስም፣ አንዳንዴም የቤታቸው አድራሻ ይገኛል። እዚያ መስመር ላይ ስትደርሱ ነገሩ ይለወጣል። እስከዚያ የምታነቡት ስለ ወታደር ነበር፤ አሁን የሰው ልጅ ሆነ።

ለሙከራ ስትረድዊክ (Strudwick) ብላችሁ በላቲን ፊደል ፈልጉ። ቫለንታይን ጆ ስትረድዊክ። የራይፍል ብሪጌድ ተራ ወታደር ነበር። የሞተው ጃንዋሪ 14 ቀን 1916 ነው። የተቀበረው ቤልጂየም ውስጥ፣ ኢፐር ከተማ አጠገብ ባለው በኤሴክስ ፋርም መካነ መቃብር ነው። ዕድሜ የሚለው ቦታ ላይ 15 ይላል። አሥራ ስድስት ሊሞላው አንድ ወር ነበር የቀረው። መቃብሩን የሚጎበኙ የትምህርት ቤት ልጆች ብዙ ናቸው፤ እኩያቸው ነው። ድንጋዩ ሥር ቀይ የወረቀት አበባና ትንንሽ የእንጨት መስቀል ያስቀምጡለታል።

ሕጉ ይህን አይፈቅድም ነበር። በወቅቱ ለመቀጠር 18፣ ባሕር ተሻግሮ ለመዋጋት ደግሞ 19 ዓመት መሙላት ግድ ነበር። ልጆቹ ዕድሜያቸውን ጨምረው ተናገሩ፣ መዝጋቢውም ተቀበለ። ስለዚህ በዚህ መዝገብ ውስጥ 16፣ 17፣ 18 የሚሉ ቁጥሮች ስታዩ አትገረሙ። ይልቅ የሚከብደው ዕድሜው ባዶ የሆነው ነው። ዕድሜን የሞላው ብዙውን ጊዜ ጦሩ ሳይሆን ቤተሰቡ ነበር፤ ከጦርነቱ በኋላ ኮሚሽኑ ለየቤቱ ቅጽ ይልክ ነበር፣ ቅጹ ካልተመለሰ ዕድሜም የወላጅ ስምም አይጻፍም። ለምን እንዳልተመለሰ መገመት አያቅትም። ቤት ቀይረው ይሆናል። እናትየው ሞታ ይሆናል። ወይም ያንን ወረቀት ለመሙላት እጇ እንቢ ብሏት ይሆናል።

መዝገቡ ላይ የተጻፈ ሁሉ ግን ትክክል ነው ማለት አይደለም። ይህን የምለው በደንብ የሚታወቅ ጉዳይ ስላለ ነው። ጆን ኮንደን የሚባል የአየርላንድ ልጅ አለ፤ ሜይ 24 ቀን 1915 የሞተ፣ ቤልጂየም ውስጥ በፑልካፐለ መካነ መቃብር ድንጋዩ ላይ ዕድሜው 14 ተብሎ የተጻፈለት። ለረጅም ጊዜ የጦርነቱ ትንሹ ሟች እየተባለ ኖሯል። በኋላ ተመራማሪዎች የልደት ሰነዱን አገኙና 18 ዓመት ሞልቶት እንደነበር አሳዩ። እዚያ ያረፈው ሌላ ወታደር ነው ብለው የሚከራከሩም አሉ። ድንጋዩ ግን እስከ ዛሬ 14 ነው የሚለው፤ ሰው አሁንም እየሄደ ያለቅስበታል። እኔ በዚህ ማንንም አልወቅስም። በፑልካፐለ ከ7,400 በላይ መቃብሮች አሉ፣ ከ6,200 በላይ የሚሆኑት ማን እንደሆኑ አይታወቅም። እዚያ ለቆመ ሰው አንድ ስም፣ አንድ ዕድሜ ማግኘት ትልቅ ነገር ነው። ብቻ ዘመዳችሁን የምትፈልጉ ከሆነ ገጹን የመጨረሻ ማስረጃ አታድርጉት፤ ከሌላ ሰነድ ጋር አመሳክሩት።

አሁን ብዙ ሰው ሳያየው የሚያልፈው፣ ለእኔ ግን የአገልግሎቱ ምርጥ ክፍል ወደሆነው ልምጣ። በብዙ ገጾች ላይ፣ ወረድ ስትሉ፣ የድሮ ሰነዶች ተነስተው ተቀምጠዋል። የመቃብር ምዝገባ፣ አስከሬን ከአንዱ ቦታ ወደ ሌላው ሲዛወር የተሞላ ቅጽ፣ ድንጋዩ ላይ የሚቀረጸው ጽሑፍ ዝርዝር። በታይፕራይተር የተመታ፣ በእስክሪብቶ የተሰረዘ፣ የተስተካከለ። የማዛወሪያው ቅጽ ላይ ሰውየው በምን እንደታወቀ የሚጻፍበት ዓምድ አለ። አንገቱ ላይ ባለው መለያ፣ በመስቀሉ፣ በልብሱ ላይ ባለ የክፍለ ጦር ምልክት። ወታደሮች ቁጥራቸውን ማንኪያቸው ላይ ይቀርጹ ስለነበር በማንኪያ የታወቁም አሉ። ምንም ያልተገኘበት ደግሞ ያልታወቀ ተብሎ ብቻ ያልፋል። እነዚህን ወረቀቶች ሳትቸኩሉ አንብቧቸው። ጭቃ ውስጥ ገብተው ይህንን የጻፉት ሰዎች እያንዳንዱን ሟች ለማግኘት ምን ያህል እንደደከሙ የሚታየው እዚያ ነው።

የድንጋዩ ጽሑፍ ዝርዝር ላይ ደግሞ የቤተሰቡ ቃል አለ። ኮሚሽኑ ለእያንዳንዱ ቤተሰብ እስከ 66 ፊደል የሚደርስ አንድ መስመር ፈቅዶ ነበር። ለአንድ ፊደል ሦስት ተኩል ፔንስ ይጠየቅበት ነበር፤ ኋላ ላይ ክፍያው በፈቃደኝነት ሆነ። ኒውዚላንድ ግን ያ እኩልነትን ያፈርሳል ብላ ለራሷ ወታደሮች ጭራሹን አልፈቀደችም። እኔ በዚህ ከኒውዚላንድ ጋር አልስማማም። መከልከል የነበረበት ክፍያው ነው እንጂ ቃሉ አይደለም። አንዳንዱ ቤተሰብ ጥቅስ መረጠ፣ አንዳንዱ ልጁን በቤት ስሙ ጠራው፣ አንዳንዱ ልጄ ለምን ብሎ ጠየቀ። ያ መስመር ባይኖር ድንጋዮቹ ሁሉ ጦሩ ስለ ልጁ የሚያውቀውን ብቻ በተናገሩ ነበር።

ድንጋዮቹ እኩል ናቸው። 81 ሴንቲ ሜትር ቁመት፣ 38 ሴንቲ ሜትር ወርድ። ጄኔራሉም ተራው ወታደርም አንድ ዓይነት። ይህ ዛሬ ስናየው ተፈጥሯዊ ይመስላል፤ ያኔ ግን ትልቅ ጠብ ነበር። ታሪኩ የሚጀምረው ከኮሚሽኑ መሥራች ከፋቢያን ዌር ነው። በ1914 ዕድሜው 45 ስለነበር ጦሩ አልቀበለውም፣ ከቀይ መስቀል ጋር ወደ ፈረንሳይ ሄደ፣ እዚያም የሟቾችን መቃብር የሚመዘግብ ሰው እንደሌለ አይቶ መመዝገብ ጀመረ። በኤፕሪል 1915 የቀድሞ ጠቅላይ ሚኒስትር የልጅ ልጅ የሆነ መኮንን ሲገደል አስከሬኑ በልዩ ፈቃድ ወደ እንግሊዝ ተመለሰ። ዌር ይህንን አልወደደውም። ባለጸጋው ልጁን አምጥቶ ይቀብራል፣ የድሃው ልጅ ደግሞ የትም ይቀራል። ከዚያ በኋላ የማንም አስከሬን ወደ አገሩ እንዳይመለስ ተከለከለ። ኮሚሽኑ ራሱ ሜይ 21 ቀን 1917 በንጉሣዊ ቻርተር ተቋቋመ።

እናቶች ተቃወሙ። በተለይ ሦስት ልጆቿን ያጣች ሌዲ ፍሎረንስ ሴሲል የምትባል እናት በ1919 ከ8,000 በላይ ፊርማ አሰባስባ፣ ቢያንስ በመቃብራቸው ላይ መስቀል እንዲቆምላቸው ለመነች። አልተፈቀደም። በሜይ 1920 ነገሩ ፓርላማ ደርሶ ክርክር ተደረገበትና የኮሚሽኑ መንገድ ጸና። እኔ የእሷን ልመና ሳነብ ልቤ ከእሷ ጋር ነው፤ ሦስት ልጅ አጥተሽ ድንጋዩንም አትመርጪም መባል ከባድ ነው። ፍርዴ ግን ከኮሚሽኑ ጋር ነው። ምክንያቱም በኤሴክስ ፋርም ያለው የ15 ዓመቱ ልጅ ዛሬ ከማንኛውም መኮንን ያላነሰ ድንጋይ ያለው በዚያ ውሳኔ ነው። አሜሪካኖቹ በሌላ መንገድ ሄደዋል፤ ለቤተሰብ ምርጫ ሰጡ፣ አብዛኛውም ልጄን አምጡልኝ አለ። እሱም የሚያስከብር ነው።

ስለ ቃሉ ካነሳሁ ራድያርድ ኪፕሊንግን ማለፍ አልችልም። ደራሲው ኮሚሽኑ እንደተቋቋመ የጽሑፍ አማካሪ ሆነ። ማንነታቸው ባልታወቀ ወታደሮች ድንጋይ ላይ ያለውን፣ እግዚአብሔር የሚያውቀው የሚለውን ያስገባው እሱ ነው። ብቸኛ ወንድ ልጁ ጆን ዓይኑ ደካማ ስለነበር ጦሩ አልፈልግም ብሎት ነበር። አባትየው ወዳጁን አስለምኖ አይሪሽ ጋርድስ በሚባለው ክፍለ ጦር መኮንን አስደረገው። በሴፕቴምበር 27 ቀን 1915 ፈረንሳይ ውስጥ በሎስ ውጊያ ጠፋ። 18 ዓመት ከሞላው ስድስት ሳምንት አይሆንም ነበር። አባት ከሆስፒታል ሆስፒታል እየዞረ፣ የቆሰሉትን እየጠየቀ ፈለገው። አላገኘውም። በ1936 ሲሞትም የልጁን መቃብር አያውቅም። በ1992 ኮሚሽኑ በሎስ አቅራቢያ ያለን ያልታወቀ መኮንን መቃብር የጆን ነው ብሎ ስሙን አስቀረጸበት። በማዕረጉና በቦታው ላይ ክርክር ተነስቶ ነበር፤ ዛሬ ግን ጆን ኪፕሊንግ ብላችሁ ብትፈልጉ መቃብር ያለው ሰው ሆኖ ታገኙታላችሁ።

እዚህ ላይ ነው ያዘንኩት።

ናይሮቢ መሃል፣ አሁን ኬንያታ አቬኑ በሚባለው መንገድ ላይ፣ በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ለሞቱ አፍሪካውያን ወታደሮችና ተሸካሚዎች የቆመ የነሐስ ሐውልት አለ። ጽሑፉ የዚያው የኪፕሊንግ ነው። ለአገርህ ብትዋጋ፣ ብትሞት እንኳ ልጆችህ ስምህን ያስታውሳሉ ይላል። ሐውልቱ ላይ የአንድም ሰው ስም የለም። ተሸካሚዎቹ የጦሩ እግርና እጅ ነበሩ ተብሎ ተጽፎላቸዋል፤ እነሱም ልጅ፣ ወንድም፣ ባል ነበሩ፤ ብዙዎቹ ወጣቶች። ፈረንሳይና ቤልጂየም ውስጥ አስከሬኑ ላልተገኘ ሰው ግን ስሙ ይቀረጽ ነበር። ፈረንሳይ ባለው የቲየፕቫል መታሰቢያ ከ72,000 በላይ፣ ሜኒን ጌት በሚባለው የኢፐር የመታሰቢያ በር ከ54,000 በላይ ስሞች በድንጋይ ላይ አሉ። አካል ባይኖር ስም ይኑር የሚለው የተቋሙ ሕግ ነው። አፍሪካ ሲደርስ ሕጉ ተጣሰ።

ይህ የእኔ ክስ አይደለም። ኮሚሽኑ ራሱ አጥንቶ በኤፕሪል 2021 አውጥቶታል። ሪፖርቱ እንደሚለው ከ45,000 እስከ 54,000 የሚሆኑ፣ በአብዛኛው ሕንዳውያን፣ ምሥራቅና ምዕራብ አፍሪካውያን፣ ግብፃውያንና ሶማሌዎች፣ ከሌላው ጋር እኩል ባልሆነ መንገድ ነው የተዘከሩት። ሌሎች ቢያንስ 116,000፣ ምናልባትም እስከ 350,000 የሚሆኑ ደግሞ ወይ በስም አልተዘከሩም ወይ ጭራሽ አልተዘከሩም። በ1923 የያኔዋ ጎልድ ኮስት፣ የዛሬዋ ጋና ገዥ፣ የአገሬው ሰው የመቃብር ድንጋይን ትርጉም አይረዳም፣ ዋጋም አይሰጠውም የሚል ሐሳብ ሰጥቶ ነበር። አይረዳም! ሟቹን የማያከብር ሕዝብ የት ነው ያለው? ሪፖርቱ መሠረቱ ዘረኝነት እንደነበር በግልጽ ጽፏል፤ ኮሚሽኑም ይቅርታ ጠይቋል፣ የብሪታኒያ መከላከያ ሚኒስትርም በፓርላማ ቀርበው ይቅርታ ጠይቀዋል።

ለተጠቃሚ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ልንገራችሁ። የእንግሊዝ ልጅ ስትፈልጉ ዕድሜ፣ እናት፣ አድራሻ፣ መስመር ይወጣላችኋል። የምሥራቅ አፍሪካ ተሸካሚ ስትፈልጉ ላይወጣ ይችላል። የወጣውም ብዙ ጊዜ አንድ ስምና አንድ ቁጥር ነው፣ ያውም እንግሊዛዊ መኮንን በሰማው መጠን በላቲን ፊደል የጻፈው። ስለዚህ ስሙን በአንድ ዓይነት አጻጻፍ ፈልጋችሁ ካላገኛችሁ አትተዉት። አናባቢዎቹን ቀያይሩ። በክፍለ ጦሩ ፈልጉ፣ በቀኑ ፈልጉ። ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ መዝገቡ ውስጥ ስላልተገኘ አልሞተም ወይም አልዘመተም አትበሉ። ድረ ገጹ ይህንን ለፈላጊው እዚያው የፍለጋ ሳጥኑ አጠገብ ቢነግረው እመኛለሁ። አሁን ጉዳዩን የሚያውቀው ሪፖርቱን ፈልጎ ያነበበ ሰው ነው። ወንድ አያቱን ፈልጎ ያጣ ሰው ግን ሪፖርት ፍለጋ አይሄድም፤ ስልኩን ዘግቶ ነው የሚተወው።

ሥራው መጀመሩ እውነት ነው። በጃንዋሪ 2025 ኬፕ ታውን ውስጥ ከ1,700 በላይ ለሚሆኑ ጥቁር ደቡብ አፍሪካውያን የሠራተኛ ጓድ አባላት መታሰቢያ ተከፍቷል። መሣሪያ እንዲይዙ ያልተፈቀደላቸው፣ የጦሩን ጓዝ ሲጭኑና ሲያወርዱ የሞቱ ሰዎች ናቸው። ለእያንዳንዱ አንድ የቆመ እንጨት፣ በእያንዳንዱ ላይ አንድ ስም። ከመቶ ዓመት በላይ ዘግይቷል። ቢሆንም ትክክለኛው መንገድ ይሄ ነው፤ እንደ ናይሮቢው በጅምላ ማመስገን ሳይሆን አንድ በአንድ መጥራት።

ከአምስት ኮከብ ስንት ትሰጪዋለሽ ካላችሁኝ፣ ለፍለጋው አምስት፣ ለሰነዶቹ አምስት፣ ለሙሉነቱ ሁለት እሰጣለሁ። እንዳማካይ ተደምሮ እንዲታይ አልፈልግም፤ ጥሩው ጎዶሎውን አይሸፍንለትምና።

ለመጠቀም ካሰባችሁ ጥቂት ነገር ልጨምር። በስልክ ይሠራል፣ ሰነዶቹን ለማንበብ ግን ኮምፒውተር ይሻላል፤ ጽሑፉ ደቃቅ ነው። የመታሰቢያ የምስክር ወረቀት በነፃ ዳውንሎድ ማድረግ ይቻላል፤ አትማችሁ ከፎቶው ጎን ብታስቀምጡት ያምራል። ቤተሰብ የራሱን ታሪክና ፎቶ የሚያስገባበት ክፍልም አለ። እሱን በደንብ ተጠቀሙበት፤ መዝገቡ ስለ አንድ ልጅ የማያውቀውን፣ መዝፈን ይወድ እንደነበረ፣ ማን ብላ እህቱ ትጠራው እንደነበረ፣ የሚያውቀው ቤተሰብ ብቻ ነው። ወደ ቤልጂየም የመሄድ ዕድል ያገኘ ሰው ካለ ደግሞ ማታ 2 ሰዓት ላይ ሜኒን ጌት ሥር ይቁም። ከ1920ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በየምሽቱ፣ ጀርመኖች ከተማዋን ከያዙባቸው ዓመታት በስተቀር፣ ጥሩምባ ይነፋል። ነፊዎቹ ፈቃደኞች ናቸው።

የመረጃ ስህተት ካገኛችሁ ወይም መዘከር ሲገባው የተዘለለ ሰው ካላችሁ ለኮሚሽኑ ማመልከት ይቻላል። ሰነድ ይጠይቃሉ፤ የሞት ማስረጃ፣ የአገልግሎት ወረቀት፣ የወቅቱ ደብዳቤ። በጎ ፈቃደኞች እየቆፈሩ ባቀረቡት ማስረጃ ብዙ ስሞች ተጨምረዋል። በተለይ አያቶቻችሁ በኬንያ፣ በሱዳን ወይም በሶማሌላንድ በኩል ለእንግሊዝ ጦር የዘመቱ ከሆነ፣ ሳጥን ውስጥ የቀረ ወረቀት ካለ አውጡት፣ በስልክ አንሱት፣ ሽማግሌ ካለ ደግሞ ስሙን ከነአባቱ አሁኑኑ ጠይቃችሁ ጻፉት።